ሰርቨሩ ከዓይን ቢርቅስ?

«ሲስተም የለም።» ባሕር ዳር ውስጥ ይቺን ቃል ያልሰማ ሰው ካለ እንግዳ መሆን አለበት። ባንክ ትሰለፋለህ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ «ሲስተም የለም»። መድኃኒት ልትገዛ ትገባለህ፣ «ትንሽ ይጠብቁ፣ ሲስተሙ አስቸግሮናል»። የእኔ እንጀራ ደግሞ ከዚችው ቃል ጋር የተያያዘ ነው። ሲስተም ሲጠፋ የሚደወለው ለእኔ ነው። ሆቴል፣ ክሊኒክ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የግንባታ ዕቃ መደብር፣ ሁሉም ጋ ገብቼ ኬብል ጎትቻለሁ።

ሰሞኑን በከተማችን ነጋዴዎች የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ጽሑፍ ሲዞር ሰነበተ። ሦስት ደንበኞቼ «ይኼን አይተኸዋል?» ብለው ላኩልኝ። አንዱማ ሰርቨሩን፣ የድርጅቱ መረጃ ሁሉ ያለበትን ኮምፒውተር፣ አዲስ አበባ ዳታ ሴንተር (ሰርቨር በኪራይ የሚቀመጥበት ሕንፃ) ለማስገባት ልንፈራረም ቀን ቆርጠን ሳለ «እስኪ ቆይ» አለኝ። ስለዚህ ይኼን ስጽፍ የራሴም ጥቅም እንዳለበት ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። የባሕር ዳር ነጋዴ ሰርቨሩን ከቤቱ ማውጣት የለበትም። ዓይን ሥር ያለ ንብረት አይጠፋም። መብራቱም ነፋሱም ከጓሯችን ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ድንጋይ ነው። ዳታ ሴንተርም ይቃጠላል። የግድ ከሆነም ቲየር 3 የሚል የዳታ ሴንተር ደረጃ ሰርተፊኬት አይቶ መፈረም ይበቃል። ከዚያ ስለ ዋጋ ትንሽ አለበት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ጥሩ ጥያቄ። ጸሐፊው ሥራውን የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። አንዱ ነጥባቸው ላይ ደግሞ አሸንፈውኛል። በቅደም ተከተል ልሂድ።

«ዓይንህ ሥር ያለ ንብረት አይጠፋም፤ ቆልፈህ ቁልፉን ኪስህ ክተት»

ይኼን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም ግማሹ የእኔው ነው። ሰርቨሩን ያስቀመጥነው ከሪሴፕሽኑ ጀርባ፣ ደረጃው ሥር ነበር። ድሮ መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥበት ቦታ። በር አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ ባለቤቷ ቦርሳ ውስጥ ነው። እትዬ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍተው አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ያዩና ይዘጋሉ። ከዚህ በላይ ዓይን ሥር የዋለ ሰርቨር የለም።

ክረምት ነው፣ ሐምሌ መጨረሻ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ ሃያ ደቂቃ ይይዛል ብዬ ነበር የገጠምኩላቸው። አራት ደቂቃም አልቆየ። ባትሪዎቹ አብጠው ኖሯል። ደረጃ ሥር አየር አይገባም፣ ባትሪ ደግሞ ሙቀት አይወድም። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፤ የሙያው ሰዎች የሚያሰሉት በዚህ ነው። እኔም አውቀው ነበር። አውቄ ነው እዚያ ያስቀመጥኩት፣ ሌላ ቦታ ስላልነበረ።

ዘበኛው ጄኔሬተር ሊያስነሱ ሄዱ። የጄኔሬተሩ ቤት ቁልፍ ሹፌሩ ጋ ነው። ሹፌሩ ተቀስቅሶ ሲመጣ ናፍጣው ለመኪናው ተቀድቷል። በዚህ መሀል መብራቱ መጣ። ሄደ። እንደገና መጣ። የመጨረሻው አመጣጡ ኃይለኛ ነበር። ጠዋት ደርሼ በሩን ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የተቃጠለ ፕላስቲክና የእርጥብ ግድግዳ ሽታ። ኬሱን ስፈታው ማራገቢያው ላይ አቧራና የሞተ ትንኝ ተጋግሮ እንደ ቂጣ ተላጠልኝ። የሐይቅ ዳር ትንኝ መብራት ባየበት ሁሉ እንደሚሄድ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ለካ የሰርቨሯንም አረንጓዴ መብራት ሲከተል ከርሟል።

«ባክአፕ አልነበራችሁም?» ትሉኝ ይሆናል። ነበረን እንጂ። ኤክስተርናል ዲስክ፣ በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት የሚገለብጥ። የተቀመጠው ግን ሰርቨሩ አናት ላይ ነው፤ የተሰካውም እዚያው ዩፒኤስ ላይ። ተያይዘው ሄዱ። እጃችን ላይ የቀረው ከ11 ቀን በፊት ለሌላ ጉዳይ በፍላሽ የወሰድኩት ኮፒ ነበር። የ11 ቀኑን ቡኪንግ ከስልክና ከደረሰኝ ቅጠል እየለቀምን መልሰን ጻፍን። አንዱን ክፍል ለሁለት ቤተሰብ የሰጠን ለት እትዬ እንዴት አድርገው እንዳዩኝ አልረሳውም። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ቁልፍ ከሌባ ያድናል። እኔ ግን በዚህ ሥራ ስኖር ሰርቨር በሌባ ያጣ ደንበኛ የገጠመኝ አንድ ብቻ ነው። የቀሩት በሙቀት፣ በኮረንቲ፣ ከጣሪያ በወረደ ውኃና «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» በሚባል በሽታ ነው ያጡት።

ስለ ሌባም ካነሳን፣ አንድ ዳታ ሴንተር የሄድኩበትን ቀን ልንገራችሁ። ቀጠሮ ይዤ ነው የሄድኩት። ስሜ ግን ከዕለቱ ዝርዝር ውስጥ ጎድሏል። መታወቂያ አሳየሁ፣ ኢሜይሉን አሳየሁ፣ የቀጠረኝ ሰው በስልክ «የእኔ እንግዳ ነው» አለ። ጥበቃው ፍንክች አላለም። «በጽሑፍ ይምጣልኝ።» አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ሲመጣለት የላፕቶፔን ሲሪያል ቁጥር መዘገበ። ውስጥ ሁለት በሮች አሉ፤ የመጀመሪያው ካልተዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም። የራኩን (ሰርቨሩ የሚገባበትን ቁምሳጥን) ቁልፍ የሚሰጥህ ሠራተኛ አብሮህ ገብቶ አብሮህ ይወጣል። ስቆም ተናድጄ ነበር። ስመለስ መኪና ውስጥ ሳስበው ግን፣ ደንበኛ ያልሆነ ሰው እዚያ ሊገባ ቢፈልግ ያው ጥበቃ ነው የሚጠብቀው። እኛ ደረጃ ሥር ያለችው በር በማንኪያ ትከፈታለች።

«መብራት ከጓሯችን ነው፤ በለስ አለ፣ ጢስ ዓባይ አለ፣ የጣና ነፋስ ደግሞ ማቀዝቀዣ ነው»

ይኼኛው ልብ ያሞቃል። በለስ እውነትም ትልቅ ነው፤ 460 ሜጋ ዋት፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ፣ ውኃውን ከጣና በዋሻ የሚወስድ። የመጀመሪያው ጢስ ዓባይም ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ግን ኮረንቲ እንደ ዓሣ አይደለም። ሐይቅ ዳር ስለኖርክ ትኩሱን አትበላም። በለስ ያመነጨው ወደ ብሔራዊው መስመር ይገባል። እኔና አንተ የሚደርሰን በሰብስቴሽን፣ በትራንስፎርመርና በእንጨት ምሰሶ አልፎ የመጣው ነው። በእኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚያ ታች ነው፤ ነፋስ ቅርንጫፍ ሲጥል፣ ፊውዝ ሲበላ፣ ትራንስፎርመር ሲጮህ። ግድቡ አጠገብ መኖር ለዚያ አይረዳም።

ጸሐፊው ቲየር 3ን ስለሚጠቅሱ ከራሱ ከቲየር 3 ሕግ አንድ ነገር ላንሳ። ደረጃውን ያወጣው አፕታይም ኢንስቲትዩት ነው። በእሱ መስፈርት የዳታ ሴንተር ዋናው የኃይል ምንጭ በግቢው ውስጥ ያለው ጄኔሬተር ነው። ከውጭ የሚመጣው መብራት ወጪ መቀነሻ ተደርጎ ነው የሚታየው። ካለ ጥሩ፣ ከሌለም ሥራው ይቀጥላል። ግቢው ውስጥ ቢያንስ የ12 ሰዓት ነዳጅ መቀመጥ አለበት። ይኼን ሳውቅ ነው የእኛ ስህተት የገባኝ። እኛ መብራትን ዋና፣ ጄኔሬተርን የክፉ ቀን አድርገን ነው የምናስበው። ስለዚህ ጄኔሬተራችን ሲፈለግ አይነሳም።

ነፋሱን በአጭሩ ልለፈው። ለሰርቨር የሚመከረው የሚገባበት አየር ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ያንን ታልፋለች። ነፋሱ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ እርጥበቱን፣ አቧራውንና ትንኙን ይዞ ነው። ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል። ሳሳ ያለ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፣ የናፍጣ ሞተርም በእሱ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ፍርድ እንዳይጓደል፣ አዲስ አበባ ከእኛም በላይ ከፍ ትላለች። እዚያ ያሉትም ጄኔሬተር ሲመርጡ ይኼን ቀንሰው ማስላት አለባቸው። «ጄኔሬተሩ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው አቅም ለከፍታው ስንት ቀነሳችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልስ ካላቸው የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው።

«ኢንተርኔት ሲቋረጥ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ድንጋይ ነው»

እዚህ ላይ ነው የተረታሁት። በከፊል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ማንም አይረሳውም። ሞባይል ዳታን መጠባበቂያ ያደረገ ሁሉ መጠባበቂያው እንዳልነበረው ያን ጊዜ አወቀ። አንድ ደንበኛዬ ሲስተሙን በሙሉ ወደ አዲስ አበባ አዛውሮ፣ ካሸሯ ደብተርና እስክርቢቶ ይዛ ስትመዘግብ ከረመች። እኔ ነኝ ያዛወርኩት። በዚያ ሰሞን በዚያ በር ሳልፍ በሌላው የመንገድ ዳር ነበር የማልፈው።

ከዚህ ውጭ የየቀኑ አለ። መንገድ ይቆፈራል፣ ኮሪደር ይሠራል፣ ኤክስካቫተሩ ፋይበሩን ይነክሳል። «መስመር ተቆርጧል፣ እየተሠራ ነው።» ጸሐፊው ይኼን ሁሉ ዘርዝረው «ስለዚህ ሰርቨሩ እዚሁ ይሁን» ይላሉ። እስከ ዝርዝሩ አብረን ነን። የምንለያየው «ስለዚህ» ላይ ነው።

መስመር ሲቋረጥ እዚህ ያለው ሰርቨርም ግማሹን ያጣል። ካሸሯ ትሸጣለች፣ እሺ። ከውጭ የሚመጣው ቡኪንግ ግን አይገባም። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ሒሳቡን አያይም። በውጭ አገር ያለው ደንበኛ ገጹን ሲከፍት ባዶ ነው። ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚያልፍ እንግዳ ክፍል የሚይዘው ከወራት በፊት ነው። በዚያን ሰዓት ገጽህ ካልተከፈተ ወደ ሌላ ሆቴል ይሄዳል፣ እንደሄደም አይነግርህም።

እና ምን እናድርግ? እኔ ከዚያ ክረምት በኋላ የምሠራው እንዲህ ነው። ዋናው ሰርቨር ዳታ ሴንተር ይገባል። እዚህ ካሸሯ ጠረጴዛ ሥር ደግሞ ብዙ ኮረንቲ የማትበላ ትንሽ ኮምፒውተር ትቀመጣለች። መስመር ሲኖር ሁለቱ ይናበባሉ። መስመር ሲጠፋ ትንሿ የዕለቱን ሽያጭና የክፍሎቹን ዝርዝር ይዛ ትቀጥላለች። ሲመለስ ያጠራቀመችውን ትልካለች። ትንሿ ብትቃጠል የሚጠፋው የሰዓታት ሥራ ነው። በሚገዛው ሶፍትዌር ውስጥ ይኼ «ያለ ኢንተርኔት መሥራት» ከሌለ ደግሞ ችግሩ ከዳታ ሴንተሩ በፊት ነው፤ ሶፍትዌሩን መቀየር ነው የሚሻለው።

ሁለት መስመር ስታስገቡም ተጠንቀቁ። አሁን ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም አለ፤ «ከሁለቱም ገዝቻለሁ» የሚል አውቃለሁ። ጥያቄው ሁለቱ በየት በኩል ነው የሚገቡት ነው። ሁለቱም በአንድ ቦይ ካለፉ ለኤክስካቫተሩ አንድ መስመር ናቸው። አንዱን በመሬት፣ አንዱን በአየር ማድረግ ይሻላል። ያው ጥያቄ ለዳታ ሴንተሩም ይቅረብ። ፋይበሩ ግቢው ውስጥ የሚገባው በስንት በር ነው? «በሁለት» ካሉ «አሳዩኝ» በሉ፤ ጉድጓዱ ክዳን አለው፣ ይታያል።

«ርቀቱ ያዘገያል» የሚል ዓረፍተ ነገርም አለበት። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በመንገድ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ደርሶ ለመመለስ 6 ሚሊ ሰከንድ አይፈጅበትም። መንገዱ ቢጠማዘዝ፣ መሀል ላይ ያሉት መሣሪያዎች ቢያስጠብቁት፣ እጥፉን እጥፍ አድርጉት። ካሸሯ አታውቀውም።

«ዳታ ሴንተርም ይቃጠላል»

ይቃጠላል። ጸሐፊው የጠቀሱት የፈረንሳዩን ነው፤ ስትራስቡርግ ከተማ፣ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ ሕንፃ፣ መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም.። እውነት ነው፣ አንዱ ሕንፃ እንዳለ ነደደ። እኔ አንድ የሚያሳፍር ምሳሌ ልጨምርላቸው። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የደመራ ዕለት፣ ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ የመንግሥቱ ዳታ ሴንተር ውስጥ የሊቲየም ባትሪ እሳት አስነሳ። 709 የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። የመንግሥት ሠራተኞች ፋይላቸውን የሚያስቀምጡበት 858 ቴራ ባይት ዳታ ጠፋ። ሌላ ቦታ ኮፒ አልነበረውም። ኮሪያ ነው ይኼ፣ ኢንተርኔቱ የሚያስቀና አገር።

ከሁለቱ እሳት ግን «ሰርቨርህን ደረጃ ሥር መልስ» የሚል ትምህርት አይወጣም። በስትራስቡርግ ጨርሰው ዳታቸውን ያጡት ባክአፓቸው እዚያው ግቢ ውስጥ የነበረ ደንበኞች ናቸው። ሌላ ከተማ ያስቀመጡት ተቸግረውም ቢሆን ተነሱ። የእኛ ሰርቨር አናት ላይ የነበረችው ዲስክም ታሪኳ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእኛን ጋዜጣ አልጻፈውም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ሦስት ኮፒ ይኑርህ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ሌላ ከተማ። ዋናው አዲስ አበባ ከሆነ ሦስተኛው ባሕር ዳር ይቀመጥ። ይኼኔ ነው የጸሐፊው «ዓይን ሥር» የሚያገለግለው። ኮፒውን ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ከፍታችሁ እዩት። የማይከፈት ባክአፕ አይቼ አውቃለሁ፤ ለሁለት ዓመት በየሌሊቱ ባዶ ፎልደር ሲገለብጥ የኖረ።

ዳታ ሴንተር ስትጎበኙ ስለ እሳት የምትጠይቁት ጥቂት ነው። ባትሪው ከሰርቨሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ሌላ? እሳቱን የሚያጠፋው ምንድን ነው፣ ውኃ ወይስ ጋዝ? ሰው ሳይነካው ይነሳል? የስትራስቡርጉ ሕንፃ በራሱ የሚነሳ ማጥፊያ አልነበረውም።

«የግድ ከሆነ ቲየር 3 የሚል ሰርተፊኬት አይታችሁ ፈርሙ»

ጽሑፉ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ይኼ ነው። ምክንያቱም ደንበኞቼ የተቀበሉት ይኼኛውን ነው። ወረቀት እንወዳለን።

ቲየር ከ1 እስከ 4 ነው። ቲየር 3 ማለት ጄኔሬተሩንም ሆነ ማቀዝቀዣውን፣ የመብራት መስመሩንም ሆነ የትኛውንም ዕቃ፣ ሰርቨሮቹን ሳያጠፉ አውጥቶ መጠገን ይቻላል ማለት ነው። ቲየር 4 ሲሆን ዕቃው ድንገት ቢበላሽም ሥራው አይቆምም። ብሮሹሮች ላይ ከቲየር 3 ጎን የሚለጠፈው 99.982 በመቶ፣ በዓመት 1.6 ሰዓት ገደማ መቋረጥ ማለት፣ የቆየ ልማድ ነው። ኢንስቲትዩቱ ራሱ መቶኛዎቹን ከመስፈርቱ ካወጣቸው ዓመታት አልፈዋል። ደረጃው ስለ አሠራሩ ነው እንጂ ለሰዓቱ ዋስትና አይሰጥም።

ሰርተፊኬቱም አንድ አይደለም፤ ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ ለንድፉ ይሰጣል፣ ወረቀት ላይ ላለው። ሁለተኛው ለተሠራው ሕንፃ፣ ባለሙያ መጥቶ ዕቃውን እያጠፋ እያበራ ሞክሮት። ሦስተኛው ለአሠራሩ፣ ለሠራተኛውና ለጥገናው። የንድፉ ሰርተፊኬት የቤት ፕላን እንደማስጸደቅ ነው፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ጊዜው ያልፋል። ፕላኑ ጸድቆ ብረቱ ዝጎ የቆመ ፎቅ በየከተማው ስንት አለ? ስለዚህ «ቲየር 3 ነን» ሲባል «የንድፉ ነው የሕንፃው? መቼ የተሰጠ?» ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ቦታ ሊያከራየኝ የመጣ ሻጭ የሚያብረቀርቅ ሰርተፊኬት አሳየኝ። ሳነበው የተጻፈበት ስም የእሱ አይደለም። ለካ ሰውየው ከሌላ ዳታ ሴንተር ራክ ተከራይቶ መልሶ የሚያከራይ ነው። ይኼ ነውር የለውም፣ ሕጋዊ ሥራ ነው። ግን «የእሱ ኪራይ ሲቋረጥ የእኔ ሰርቨር የት ይገባል?» ብዬ ብጠይቀው አልመለሰልኝም። ውሉ ላይም የለም። ቤት እንደመከራየት አስቡት፤ ከተከራይ የተከራየ፣ ባለቤቱ ሲያስወጣው አብሮ ይወጣል።

«እዚህ አገር ምርጫ የለም» የሚባለው ግን ያለፈበት ወሬ ነው። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ብቻ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮን የመሳሰሉ ቦታ የሚያከራዩ አሉ። እኔ ለማንም አልመሰክርም፣ ሄዳችሁ እዩ። ስትሄዱ ሰርተፊኬቱን ትታችሁ የጄኔሬተሩን መዝገብ ጠይቁ። «መጨረሻ ጭነት ተሸክሞ የተሞከረው መቼ ነው?» ባዶውን ማስነሳት ሙከራ አይባልም። አንድ ቦታ ይኼን ስጠይቅ ቴክኒሻኑ ምንም ሳይል ዘይት የነካካው ደብተር አመጣልኝ። ቀን፣ ሰዓት፣ የፈጀው ናፍጣ፣ ፊርማ። አንድ ገጽ ላይ «አልተነሳም፣ የማስነሻ ባትሪ ተቀየረ» ይላል። ያቺን መስመር ሳያት ደስ አለኝ። ችግሩን የማይደብቅ ደብተር ነው።

ውሉ ላይ ደግሞ መቶኛውን ወደ ሰዓት ቀይሩት። 99.9 በመቶ ጥሩ ይመስላል። በዓመት 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ መጥፋት ይፈቅዳል። 99.5 ከሆነ ወደ 44 ሰዓት ይጠጋል። ካሳው ብዙ ጊዜ ከወር ኪራዩ ላይ የሚቀነስ ጥቂት ብር ነው። በበዓል ዋዜማ የጠፋብህን ገበያ ማንም አይከፍልህም። ስለዚህ ካሳውን አይቶ ከመጽናናት የመውጫውን አንቀጽ ማንበብ ይሻላል። ብንጣላ ሰርቨሬን በስንት ቀን ይዤ እወጣለሁ? ያልከፈልኩት ሒሳብ ካለ ዕቃዬን መያዝ ይችላሉ?

ስለ ዋጋ

ጸሐፊው የዳታ ሴንተሩን ኪራይ ጽፈው የቤቱን ወጪ ዜሮ አድርገውታል። ቤት ያለው ሰርቨርም ይበላል። ቀንና ሌሊት የሚሠራ ኤሲ፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱ የሚቀየር ባትሪ፣ ናፍጣው፣ ናፍጣውን ሊቀዳ የሚሰለፍ ሰው፣ እኔ። እነዚህን ደምራችሁ አወዳድሩ። አንዳንዴ ቤቱ ይረክሳል፤ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ላለው ትንሽ ሱቅ ዳታ ሴንተር አልመክርም፣ ባክአፕ ይበቃዋል።

«ከሁሉም የውጭ ክላውድ ይረክሳል» ለሚሉትም፣ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር በኢንተርኔት መከራየት ማለት ነው፣ አንድ ቃል። በዶላር የሚከፈል ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሬው አሠራር ሲቀየር ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ መቶን አለፈ። በካርድ የሚከፍል ያውቀዋል። የደንበኛ ስም፣ ስልክና የሕክምና መረጃ የያዘ ድርጅት ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ከጠበቃ ጋር ቢያነበው ጥሩ ነው። የግል ዳታ ከአገር ሲወጣ ሁኔታ ያስቀምጣል።

«ሌሊት ሲበላሽ ለማን ትደውላለህ?»

ጥሩ ጥያቄ ያልኩት ይኼ ነው። ጸሐፊው የሚሉት፣ ቤት ከሆነ ባለሙያው በባጃጅ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ከሆነ የማታውቀው ሰው ስልክ ላይ ነህ። በባጃጅ የሚደርሰው ሰው እኔ ነኝና አመሰግናለሁ። ግን እኔም እተኛለሁ፣ እታመማለሁ፣ ለቅሶ እሄዳለሁ። ያቺ የሐምሌ ሌሊት ስልኬ ዝግ ነበር።

ስለዚህ ከመፈራረማችን በፊት የምሠራት አንዲት ነገር አለች። ለሚወዳደሩት ዳታ ሴንተሮች ቅዳሜ ሌሊት፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ በድንገተኛ ቁጥራቸው እደውላለሁ። ያ «እስኪ ቆይ» ያለኝ ደንበኛዬ የላከልኝ ሁለት ስም ነበር። የአንደኛው ስልክ ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ «ደውለውልን ነበር?» የሚል መልእክት ላኩ። ሁለተኛው ጋ አንድ ልጅ በሁለተኛው ጥሪ አነሳ። እንቅልፍ ድምፁ ላይ የለም፤ ከኋላው የማቀዝቀዣው ጩኸት ይሰማል። «ደንበኛ አይደለሁም፣ ልሞክራችሁ ነው የደወልኩት» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ «ችግር የለም ጋሼ፣ ለማንኛውም ስምዎን ልመዝግበው፤ የደወለ ሁሉ ይጻፋል» አለኝ። ደንበኛዬ ይኼን ምላሽ አንብቦ ከጨረሰ፣ ውሉ የሚፈረመው ከዚህኛው ጋር ነው።